ሊማሊሞ ላይ ድንጋይ ሲወድቅ መሬቱን ማን ይስማው?

ክረምት በመጣ ቁጥር እኛ ጎንደር ያለን ሰዎች የማይቀርልን ወሬ አለ፣ «ሊማሊሞ ተዘግቷል እንዴ?» የሚል፣ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በገደሉ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ማለት ነው። ሽሬ ሊሄድ የተነሳ፣ አዲአርቃይ ጭነት ያለው ነጋዴ፣ ዘመድ ሞቶበት ወደ ዛሪማ የሚወርድ፣ ሁሉም መናኸሪያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄንኑ ነው፣ መልሱ ደግሞ ሁሌም የሚገኘው ከሰው አፍ ነው፤ ሌሊቱን ያለፈ የአይሱዙ ሹፌር «አንድ ቋጥኝ አለች፣ በጎን ታሳልፋለች» ካለ ይኬዳል፣ «ኧረ አፈሩ ነው የወረደው» ካለ ደግሞ ደባርቅ ማደር ነው። እኔ ኤሌክትሮኒክስ ምናምን ስነካካ የምውል ሰው ስለሆንኩ ነገሩ ይከነክነኛል። ድንጋዩ ሲወድቅ እኮ መሬቱ ራሱ ተናግሯል፣ ሰሚ አጥቶ ነው።

እና ዛሬ ማውራት የፈለግኩት የመሬት ንዝረት በሚለካ ሴንሰር ናዳ መውረዱን ስለማወቅ፣ የት ጋ እንደወረደም ስለመለየት ነው። ቀድሜ ግን ተስፋችሁን ትንሽ ላሳንሰው፣ ይሄ ነገር በአብዛኛው ነቢይ አይደለም፣ ወደቀ ይላል እንጂ ሊወድቅ ነው አይልም። ታዲያ ምን ይጠቅማል የምትሉኝ ካላችሁ፣ ማታ በጭጋግ የሚወርድ ሰው የሞላ ባስ ከፊቱ ያለችው ኩርባ ላይ ከአስር ደቂቃ በፊት ቋጥኝ መውደቁን የሚያውቅበት መንገድ አሁን ምንድነው? ምንም የለውም፣ መብራቱ እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ነው የሚያየው።

ድንጋዩ ለምን ይወድቃል የሚለውን ቶሎ ልበለው። የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈሰሰ የተከመረ ላቫ ናቸው፣ ገደሉን ከሩቅ ስታዩት ደረጃ ደረጃ የሆነው አንዱ ፍሰት ባንዱ ላይ ስለተነጠፈ ነው። ባዛልቱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ቁልቁል ይሰነጠቃል፣ በንጣፎቹ መሀል ደግሞ ቦታ ቦታ ላይ ቀላ ያለ ለስላሳ ንጣፍ አለ፣ የድሮ አፈርና አመድ። ዝናቡ ያንን ለስላሳውን ሲቦረቡረው ላዩ ያለው ጥቁር ድንጋይ እግሩ ባዶ ይቀራል፣ ስንጥቁ ውስጥ ውሃ ይሞላል፣ ከላይ ከፍታው ላይ ሌሊት ውርጭ ስላለ ውሃው በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ስንጥቁን ይገፋዋል። ጣሊያን በወረራው ጊዜ መንገዱን የቆረጠው በዚህ ገደል ወገብ ላይ ነው። በቃ፣ ከላይ የላላ ድንጋይ ከታች መኪና።

አሁን ወደ ዕቃው። ጂኦፎን ይባላል፣ የሚያስፈራ ነገር የለውም። እዚህ ጎንደር አራዳ ካሉት የሬዲዮ ጥገና ሱቆች ባንዱ ጎራ ብላችሁ የሞተ ስፒከር ብታስፈቱ ውስጡ ማግኔትና የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ታገኛላችሁ፣ ኤሌክትሪክ ሲገባ ሽቦው ይንቀጠቀጥና ድምፅ ይወጣል። ጂኦፎን ይሄው ስፒከር በተገላቢጦሽ ሲሠራ ነው በሉት፤ ማግኔቱ ከቀፎው ጋር ታስሯል፣ ሽቦው ግን በስፕሪንግ ተንጠልጥሏል፣ መሬት ሲነቃነቅ ቀፎው አብሮ ይሄዳል ሽቦው ባለበት ሊቀር ይሞክራል፣ በሁለቱ መሀል በተፈጠረው እንቅስቃሴ ልክ ትንሽዬ ኤሌክትሪክ ይወጣል። ባትሪ እንኳ አይፈልግም፣ ባትሪ የሚፈልገው ያንን ኤሌክትሪክ አጉልቶ ወደ ቁጥር የሚቀይረው ሰርኪት ነው። በብዛት የምታገኙት 4.5 ኸርዝ (በሰከንድ አራት ጊዜ ተኩል መወዛወዝ) የሚባለው ዓይነት ነው፣ ማለትም ከዛ ፍጥነት በላይ ያለውን ንዝረት ጥሩ አድርጎ ይይዛል፣ ከዛ በታች ያለውን እየተወ ይሄዳል። ራስቤሪ ሼክ የሚባለውና በየሀገሩ ሰዎች ቤታቸው የሚያስቀምጡት ርካሽ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያም ውስጡ ያለው ይሄው ነው፣ ከራስቤሪ ፓይ ትንሿ ኮምፒውተር ጋር ተገጥሞ።

አንዱን ሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጬ ላፕቶፕ ላይ ግራፉን ስመለከት እማዬ ጓዳ ቡና መውቀጥ ጀመረች። ዘነዘናው ሙቀጫውን በመታ ቁጥር ግራፉ ላይ ቀጥ ያለች ቀጭን ጭረት ትወጣለች፣ ወዲያው ትረግባለች፣ ከዛ ሌላዋ። እጇን አሳርፋ ቡናውን ስታገላብጥ ግራፉ ዝርግ ይላል። ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ደግሞ መልኩ ሌላ ነው፣ ቀስ እያለ ያብጣል፣ ቀስ እያለ ይከሳል፣ ሹል ነገር የለውም። «ምንድነው እንዲህ አፍጥጠህ የምታየው?» አለችኝ፣ «ቡናሽን» አልኳት፣ ሳቀች። ግን ቀልዴን አይደለም፣ የዚህ ሙያ ግማሹ ይሄ ነው፣ መልክ መለየት።

የመሬት መንቀጥቀጥ ግራፍ ላይ ሁለት ነገር ይመጣል፣ መጀመሪያ ፈጣኑ ሞገድ ከዛ ዘገምተኛውና ኃይለኛው፣ በመሀላቸው ያለችው ክፍተት ርቀቱን ትናገራለች፣ ባንድ ሰከንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ2017 ዓ.ም. መባቻ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲያንቀጠቅጥ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ላይ ያሉ ዘመዶቻችን መጀመሪያ ደንገጥ የምታደርግ ነገር ከዛ ውዝዋዜው መጣ ሲሉ የነበረው ይሄንን ነው። ናዳ ግን እንደዛ አይደለም። መጀመሪያው አይታወቅም፣ ከጫጫታ ውስጥ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ መሀሉ ያብጣል፣ እንደገና ቀስ ብሎ ይጠፋል፣ ከሁለት ጫፉ የቀጠነ ነገር ይሆናል። ምክንያቱም አንድ ምት አይደለም፣ ድንጋዩ ይነጥራል፣ ይሰበራል፣ ሌላውን ይነቅላል፣ ጠጠሩ እስኪረጋ ድረስ ይንሸራተታል፣ አስር ሰከንድም አንድ ደቂቃም ሊወስድ ይችላል። አንድ ትልቅ ቋጥኝ ብቻውን ገደል ሲለቅ ደግሞ በጣም የምወደው ነገር ይከሰታል፣ ከአለቱ ሲላቀቅ ተራራው ክብደት ስለቀለለው ትንሽ ይነጥራል፣ እሱ ይመዘገባል፣ ከዛ ፀጥታ፣ ድንጋዩ አየር ላይ ነው፣ ከዛ ምቱ። ፀጥታው 4 ሰከንድ ከሆነ ድንጋዩ ወደ 78 ሜትር ወድቋል ማለት ነው፣ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ነው፣ ማንም ገደሉ አፋፍ ላይ ሳይቆም።

የንዝረቱ ጉልበት ግን ከምትገምቱት ያነሰ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ባዛልት ወደ 3 ቶን ይመዝናል፣ 100 ሜትር ቢወድቅ ታች ሲደርስ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈጥናል (የአየሩን ግጭት ከተውነው)፣ ሆኖም ከዛ ሁሉ ጉልበት የመሬት ሞገድ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ነው፣ ሌላው ድንጋይ ለመሰባበር፣ አፈር ለመቆፈርና ለሙቀት ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አባ ፒየር ጉዋን ከመሠረቱት ጀምሮ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚከታተለው የጂኦፊዚክስ ተቋም እያለ ለምን አያይልንም የሚል ጥያቄ አይሠራም፣ የሀገር መረብ ጣቢያዎቹ በጣም የተራራቁ ናቸው፣ የተተከሉትም ለመሬት መንቀጥቀጥ ነው። አሜሪካ ዮሰሚቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 አዊያ ፖይንት ላይ የወደቀው ናዳ በማግኒቲዩድ 2.4 የተመዘገበው ከ40 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ስለነበረ ነው። መኪና የሚጨፈልቅ የሁለት ሜትር ኩብ ድንጋይ ለመስማት ሴንሰሩ እዛው ገደሉ ላይ፣ በመቶዎች ሜትር ወይ ቢበዛ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ መሆን አለበት።

እዛ ስታስቀምጡት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ ጫጫታ። ሊማሊሞን በአንደኛ ማርሽ የሚወጣ ተሳቢ ያለው መኪና መሬቱን እንዴት እንደሚያንቀጠቅጠው የቆመበት ሰው ያውቀዋል። ጡረታ የወጡ አጎቴ ያንን መስመር ዕድሜያቸውን በሙሉ ነድተውታል፣ ይሄን ነገር ስነግራቸው አልገረማቸውም። «እኔስ ምን ሳደርግ ኖርሁ? ጭጋግ ሲሆን ኩርባዋ ጋ ስደርስ ሞተር አጠፋለሁ፣ ረዳቱ ታኮ ያስገባል፣ መስኮት ዝቅ አድርጌ እሰማለሁ። ጠጠር ከተንኮሻኮሸ አልሄድም፣ ጠጠር ቀድሞ ነው የሚወርድ።» «ከኋላ ያሉት ጥሩንባ ሲነፉብዎትስ?» አልኳቸው። «ይንፉዋ!» አሉ። እንግዲህ ሞተሩን ማጥፋት የሚለውን ነገር ሴንሰሩ ማድረግ አይችልም፣ በሂሳብ ነው የሚያደርገው።

ሂሳቡም ቀላል ነው፣ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ያለፈችውን የአንድ ሰከንድ ንዝረት ካለፈው የአንድ ደቂቃ አማካይ ጋር ያወዳድራል፣ ድንገት አራት አምስት እጥፍ ከሆነ «አንድ ነገር አለ» ይላል። ይሄ ብቻውን ግን ያብዳል፣ ለመኪናውም ለነጎድጓዱም ለጭላዳ ዝንጀሮውም ይጮሃል (ጭላዳዎቹ ጠጠር ማውረድ ሥራቸው ነው፣ ገደል ላይ አድረው ጠዋት ሲወጡ እዩዋቸው)። መለያው ፍጥነት ነው። ሴንሰሮች ኪሎ ሜትር ለኪሎ ሜትር ተራርቀው ቢቀመጡ በሰዓት 20 የሚሄድ ሲኖትራክ ካንዱ ወደሌላው ለመድረስ 3 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ነጎድጓድ በአየር ስለሚመጣ 3 ሰከንድ ገደማ፣ በመሬት የሚሄደው የናዳ ሞገድ ግን አንድ ሰከንድ ወይ ከዛ ያነሰ። ስለዚህ አንድ ሴንሰር ብቻውን ጅል ነው፣ ሦስት አራት ሲሆኑ ይመካከራሉ።

የት ወደቀ የሚለው የሚገኘውም ከዚሁ ምክክር ነው። ሞገዱ በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለን እንያዝ፣ «ሀ» የሚባለው ሴንሰር «ለ» ከሚባለው ግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ከሰማ ናዳው ለ«ሀ» በ500 ሜትር ይቀርባል ማለት ነው፣ ይሄንን የሚያሟሉ ነጥቦች ካርታ ላይ አንድ ጎባጣ መስመር ይሠራሉ፣ ሦስተኛው ሴንሰር ሌላ መስመር ይጨምራል፣ መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ነው እንግዲህ። ሊማሊሞ ላይ አንድ ዕድል አለን፣ ቦታውን ከሰማይ በታች ሁሉ አንፈልግም፣ ገደሉ የታወቀ ነው፣ የቱ ኩርባ የሚለው ብቻ ነው የሚቀረው።

ታዲያ ሰዓት! እዚህ ላይ ነው ብዙ የቤት ውስጥ ፕሮጀክት የሚሰናከለው። የሁለቱ ሴንሰሮች ሰዓት በአንድ ሰከንድ ቢዛነፍ ቦታው አንድ ኪሎ ሜትር ይዛነፋል፣ በመቶኛ ሰከንድ ቢዛነፍ ግን 10 ሜትር ብቻ። የስልክ ኔትወርክ ሰዓት፣ ያውም ደባርቅ ላይ ክረምት በሚኖረው ኔትወርክ፣ ለዚህ አይታመንም፣ እያንዳንዱ ላይ ጂፒኤስ መቀበያ መግጠም ነው፣ ጂፒኤስ ውስጡ ሰዓት ስለሆነ። ከዛ ደግሞ ቅድም እንዳልኳችሁ ናዳ መጀመሪያው አይታወቅም፣ «ይቺ ናት የደረሰችበት ቅጽበት» ብሎ በጣት ማሳየት አይቻልም፣ ስለዚህ ግራፎቹን ባንድ ላይ አንሸራቶ የት ላይ በደንብ እንደሚገጥሙ መፈለግ ነው፣ እሱንም ኮምፒውተሩ ይሠራዋል። ሌላው መንገድ ሰዓቱን ትቶ ጉልበቱን ማየት ነው፣ የቀረበው ሴንሰር በኃይል ይሰማል የራቀው በደካማው፣ ከንጽጽሩ ቦታው ይገመታል፣ ቀጫጭኑ ፈጣን ንዝረት በርቀት ቶሎ ስለሚሞት እሱም ይረዳል። ግን ላላ ያለ አፈር ላይ የተቀመጠ ሴንሰር ነገር ያጋንናል፣ አለት ላይ ካለው ጋር እኩል አድርጋችሁ ካመናችሁት ናዳውን ወደራሱ ይጎትተዋል። ስለዚህ ሁሉንም አለት ላይ፣ ካልሆነም ከሩቅ የመጣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሁሉም ላይ እንዴት እንደተመዘገበ አይቶ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ይሄ ሁሉ የተፈተነ ነገር ነው። ሪዩኒየን ደሴት ላይ ፒቶን ደ ላ ፎርኔዝ የሚባለው እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በ2007 አናቱ ወደ ውስጥ ተደረመሰ፣ ከዛ በኋላ ግድግዳው ለዓመታት ሲራገፍ ተመራማሪዎቹ እያንዳንዱን በሴንሰር እየቆጠሩ የት እንደወደቀ ሲለዩ ኖረዋል። ግሪንላንድ ዲክሰን ፊዮርድ እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 ላይ የወደቀው ደግሞ ጉድ ነው፣ 25 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ድንጋይና በረዶ ባሕር ገብቶ ውሃው ከግራ ቀኝ ሲንገላታ ዓለም ላይ ያሉ ሴንሰሮች በየ92 ሰከንዱ የሚመላለስ ንዝረት ለ9 ቀን መዘገቡ፣ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ያወቀ ሰው አልነበረም።

እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ግን ኮምፒውተር የሌለበቱ ነው። ስኮትላንድ ብራንደር የሚባል ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ባቡር ገደል ስር ያልፋል፣ ቋጥኝ ወድቆ ባቡር ስለመታባቸው እ.ኤ.አ. በ1882 በሐዲዱ ዳር በገደሉ በኩል ሽቦ ገተሩ፣ ድንጋይ ሲወርድ ሽቦውን ይበጥሳል፣ ሽቦው ሲበጠስ ምልክቱ ራሱ ወደ «ቁም» ይዞራል። ነፋስ ሲነፍስ ሽቦው ስለሚያዜም በአሠሪው ስም የአንደርሰን ፒያኖ አሉት። ከመቶ ዓመት በላይ ሠርቷል! እ.ኤ.አ. በ2010 ግን አንድ ቋጥኝ ከሽቦው በታች፣ ከሐዲዱ ጥግ ተነስቶ ባቡሩን ከሐዲድ አወጣው፣ ሽቦው ከላዩ ስለነበረ አላየውም። ንዝረት የሚሰማ ሴንሰር የሚበልጠው እዚህ ጋ ነው፣ ድንጋዩ የት በኩል እንደሚመጣ ቀድሞ መገመት የለበትም። ሽቦው የሚበልጠው ደግሞ በሌላ ነገር ነው፣ ከምልክቱ ጋር በቀጥታ ታስሯል፣ መሀል ላይ ስልክ የሚያነሳ ሰው የለም። ስዊዘርላንድ ቦንዶ ላይም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2017 ፒዝ ቼንጋሎ ተራራ ሲናድ፣ 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ ተራራው ላይ የነበሩ 8 መንገደኞች ሞቱ፣ ታች መንደሩ ግን ቀድሞ የተተከለ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ስለነበረው ሰው ወጥቶ ተረፈ።

ቀድሞ መናገርስ ጭራሽ አይቻልም? አንዳንዴ ይቻላል። ሰሜን ፈረንሳይ ሜኒል ቫል የሚባል የኖራ ድንጋይ ገደል ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዎች ሴንሰር ቀብረው ነበር፣ ገደሉ ሲናድ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓታት ገደማ ውስጥ የስንጥቁ ትንንሽ ንዝረቶች እየተደጋገሙ እየተፋጠኑ መጥተው ተገኙ። የአጎቴ ጠጠር ማለት ነው እንግዲህ። ግን ሁሉም ድንጋይ እንደዛ አይናገርም፣ እኔ በዚህ ላይ ተማምኜ ባስ አላሳልፍም።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን፣ መጀመሪያ በተናደው የተቀበሩትን ሊያወጡ የተሰበሰቡት ሰዎች ላይ ሁለተኛው ናዳ ወረደ፣ ከ200 በላይ ሰው። ያ ጭቃ ነው፣ በዝናብ የራሰ አፈር ነው፣ ከአለት ጋር ባንድ ዕቃ አይለካም፣ የዝናብ መጠንና የመሬቱን መንሸራተት መከታተል ይበልጥበታል። ግን ናዳ ባለበት ቦታ ሁሉ ቆፋሪ ሲገባ ከላይ ያለውን የሚሰማ አንድ ሰው ወይ አንድ ዕቃ መኖር አለበት የሚለው ለሊማሊሞም ይሠራል፣ የመንገድ ማሽኑ ድንጋይ ሲጠርግ ሾፌሩ ከሞተሩ ድምፅ ውጭ ምንም አይሰማም።

እኔ ቢሰጠኝ ምን አደርጋለሁ? ገደሉ ላይ አራት ጂኦፎን አለት ላይ በሲሚንቶ አጣብቄ፣ እያንዳንዱን ከጂፒኤስና ከትንሽ ሶላር ጋር፣ መልእክቱን በሲም ካርድ ሳይሆን በራሱ ሬዲዮ ወደ ላይና ወደ ታች ኬላ አድርጌ፣ ኬላው ላይ ቀይ መብራት። ሴንሰሮቹ ሲስማሙ መብራቱ ራሱ ይበራል፣ ማንም ሳይፈቅድ። ሰው ሄዶ አይቶ ያጠፋዋል። በውሸት ይበራል? አዎ ይበራል፣ በተለይ መጀመሪያ አካባቢ፣ ለዛም ነው አንድ ክረምት ሙሉ መብራት ሳይኖረው ዝም ብሎ መዝግቦ መንገዱ ላይ ከተገኘው ድንጋይ ጋር ማመሳከር የሚያስፈልገው፣ ሦስቴ በውሸት ያቆመ መብራት አራተኛው ላይ የሚሰማው ሹፌር የለም። ሶላሩን ሌባ እንዳይወስደው ደግሞ እዛው ላለ ገበሬ ከባትሪው አንድ አምፖል ስቦ መስጠት ነው፣ እሱ ይጠብቀዋል።

ለአሁኑ ያለኝ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ቤት ውስጥ ቡና እየሰማ ነው። ከክረምቱ በፊት ወደ ደባርቅ ይዤው ልወጣ አስቤአለሁ፣ ገደሉ አፋፍ አካባቢ ወለሉ አለት ላይ ያረፈ ቤት ያለው፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ያለ፣ ወፍጮና ጄነሬተር የማይቀርበው ሰው የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ መብራትና ኢንተርኔት ባይኖርም ግድ የለም፣ የሚመዘግብበት ሚሞሪ ካርድ አለው።